ኮከብ ሳይሆኑ የፈረሙት፦ በኢርቡክ ሰብሳቢዎች መካከል የተደረገ ውይይት

የመክፈቻ ጽሑፍ

የፊልም ኮከብ ፊርማ ለሚሰበስብ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው በትምህርት ቤት ኢርቡክ (የተማሪዎች ዓመታዊ መጽሐፍ) ላይ የሚገኘው ነው። ክሩን፣ ማለትም ይህን የኢንተርኔት ውይይት፣ የከፈትኩት ይህን አቋም ይዤ ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በድሮው የሆሊውድ ስቱዲዮ ዘመን አድናቂ ደብዳቤ ይጽፋል፤ የተፈረመበት ፎቶ በፖስታ ይመጣለታል። ፎቶው ላይ የፈረመው ግን ብዙ ጊዜ ኮከቡ አልነበረም። ወይ ጸሐፊዋ ናት፣ ወይ የስቱዲዮው ሠራተኛ። ቆየት ብሎ ደግሞ የሚፈርም ማሽን መጣ። ኢርቡክ ላይ ጸሐፊም ማሽንም የለም። አንድ የ17 ወይም የ18 ዓመት ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ለክፍል ጓደኛው የጻፈው ነው። ያ ፊርማ አንድ ቀን ገንዘብ ያወጣል ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም።

ለማያውቁት ጥቂት ላስረዳ። ኢርቡክ የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ የሚያሳትሙት ጠንካራ ልባስ ያለው መጽሐፍ ነው። የተማሪው ፎቶና ስም፣ የስፖርት ቡድኑ፣ የድራማ ክበቡ፣ የሙዚቃ ጓዱ ሁሉ ይወጣበታል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ፎቷቸው ተለቅ ይላል። ከፊትና ከኋላ ባዶ ገጽ አለው፤ ልጆቹ እየተቀባበሉ የሚፈራረሙት እዚያ ላይ ነው። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የጂሲ መጽሔት የቅርብ ዘመዱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ኢስቴት ሴል (የአንድ ቤት ዕቃ በሙሉ የሚሸጥበት) ላይ የዋሽንግተን ሊ ሃይስኩልን የ1955 ኢርቡክ አየሁ። የሆሊውድ ተዋናዩ ዋረን ቤቲ የጨረሰበት ትምህርት ቤትና ዓመት ነው። ከፎቶው አጠገብ ፊርማ አለ። ሻጩ በዚያች ፊርማ ምክንያት ዋጋውን ከአሮጌ መጽሐፍ ዋጋ በብዙ እጥፍ ሰቅሎታል። ልምድ ያላችሁ፣ ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ልመልከት?

መልሶቹ

መልስ 1 ትሁት ሰው ነው። ሰላምታውን አቅርቦ በቀጥታ ወደ ስሙ አጻጻፍ ገባ። የዋረን ቤቲ የቤተሰብ ስም በእንግሊዝኛ ሲጻፍ «ቲ» የምትባለው ፊደል መጀመሪያ አንድ ብቻ ነበረች። ሁለተኛዋን የጨመራት ወደ ትወና ሲገባ ነው። ስለዚህ የተማሪ ፊርማ ነው ተብሎ ሁለት «ቲ» ካለው መጽሐፉን መልሼ እንዳስቀምጠው መከረኝ። ታላቅ እህቱ ተዋናይት ሸርሊ ማክሌይን ከዚያው ትምህርት ቤት በ1952 መጨረሷንም አስታወሰ። እሷም ተማሪ ሳለች የምትጠራው በዚያው በቤተሰቡ ስም ነው። ማክሌይን ከእናቷ ወገን የመጣ ስም ነው፤ የመድረክ ስሟ ያደረገችው በኋላ ነው።

መልስ 2 ይህንኑ አሰፋው። ሜሪሊን ሞንሮ በ1941 ሎስ አንጀለስ ውስጥ የኤመርሰን ጁኒየር ሃይስኩል ተማሪ ነበረች። ስሟ ኖርማ ጂን ቤከር ነው። በ1942 ገና በ16 ዓመቷ አግብታ ትምህርቷን ተወች። ሜሪሊን የሚለው ስም የመጣው በ1946 ከፊልም ስቱዲዮ ጋር ስትፈራረም ነው። ቶም ክሩዝም ኒው ጀርሲ ውስጥ ከግሌን ሪጅ ሃይስኩል በ1980 ሲጨርስ የቤተሰብ ስሙ ማፖተር ነው። የዓለም ሕዝብ በሚያውቀው ስም የተፈረመ የተማሪ ኢርቡክ ካያችሁ መጀመሪያ ተጠራጠሩ የሚል ነው የጽሑፉ ሐሳብ። ልክ ነው። ፎርጅድ የሚሠራ ሰው ገዢው ቶሎ የሚያውቀውን ስም ይመርጣልና።

መልስ 3 አልተስማማም። እኔ ጥንካሬ ያልኩት ነገር ዋናው ድክመት ነው አለ። ፊርማ የሚመረምሩ ባለሙያዎች አንዱን ፊርማ ከሌሎች ከተረጋገጡ ፊርማዎች ጋር እያስተያዩ ነው የሚፈርዱት። ኮከብ ከሆነ በኋላ የፈረመው በሺህ ይቆጠራል። በ17 ዓመቱ የፈረመውስ? ሁለት ሦስት ቢገኝ ነው። የልጅ እጅ ደግሞ የአዋቂ እጅ አይደለም፤ ፊደሉ ክብ ነው፣ ሙሉ ስሙን ይጽፋል፣ ገና ፊርማ ብሎ የያዘው ቅርጽ የለውም። ታዲያ ባለሙያው ከምን ጋር ያስተያየው? ጥያቄው ከባድ ነው። በትምህርት ቤት ፊርማ ላይ የምስክር ወረቀት ያለው ክብደት በፕሪሚየር (ፊልም መጀመሪያ በሚታይበት ምሽት) ላይ ከተፈረመ ፖስተር ያነሰ ነው የሚለውን ሐሳቡን ተቀብያለሁ።

መልስ 4 የራሴ ነው። እንግዲያው ፊርማውን ብቻውን አናይም አልኩ። መጀመሪያ የሚጠየቀው መጽሐፉ የማን ነበር የሚለው ነው። አብዛኛው ተማሪ ልባሱ ውስጥ ስሙን ጽፏል። ያንን ስም ይዤ መጽሐፉ ውስጥ እፈልጋለሁ። ከኮከቡ ጋር አንድ ክፍል ነበረች? አንድ ቡድን ውስጥ ተጫውቷል? ድራማ ክበብ ፎቶ ላይ ጎን ለጎን ቆመዋል? ከዚያ የሌሎቹን ልጆች ጽሑፍ አነባለሁ። ባለቤቷን በስሟ ወይም በቅጽል ስሟ የሚጠሩ ብዙ ጽሑፎች አሉ። የኮከቡ ጽሑፍ ብቻ ማንንም ሳይጠራ ባዶ ስም ከሆነ ልቤ አይቀበለውም። ጓደኛ ለጓደኛ ሲፈርም ቢያንስ አንድ ቃል ይጨምራል። የሂሳብ አስተማሪውን ያማል፣ ለክረምቱ መልካሙን ይመኛል። አጭበርባሪ ግን ረጅም ጽሑፍ ይፈራል፤ ቃል በጨመረ ቁጥር የሚጋለጥበት ፊደል ይበዛል።

መልስ 5 ስለ ቀለም ጻፈ። ከክሩ ሁሉ ብዙ የተማርኩት ከዚህ ነው። እስክሪብቶ፣ ያ ጫፉ ላይ ኳስ ያለው፣ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የወጣው በጥቅምት 1945 ነው፤ ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ ትልቅ መደብር፣ አንዱ በ12 ዶላር ከ50 ሳንቲም። ከዚያ በፊት ተማሪ የሚጽፈው በቀለም ብዕር ወይም በእርሳስ ነው። ስለዚህ የ1941 የኖርማ ጂን ፊርማ ነው ተብሎ በእስክሪብቶ የተጻፈ ከሆነ ነገሩ አለቀ። ፊርማ ሰብሳቢ ሁሉ የሚያውቀው ሻርፒ ማርከር የመጣው በ1964 ነው። ጄል እስክሪብቶ ደግሞ የ1980ዎቹ አጋማሽ ነገር ነው፤ በ1982 ኢርቡክ ላይ ቢገኝ ከምረቃው በኋላ የተጻፈ ነው። የቀለም ብዕር ጽሑፍ ሲያረጅ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ አንዳንዴም ትይዩ ገጹ ላይ ጥላውን ይጥላል። አዲስ ቀለም በአሮጌ ወረቀት ላይ ግን ጠርዙ ላይ ይሰፋል፣ ምክንያቱም ወረቀቱ የመጀመሪያ ሽፋኑን አጥቷል።

ይህን አንብቤ ወደ አርሊንግተኑ ቤት ተመለስኩ። ፊርማው አንድ «ቲ» ነው፤ እስከዚህ ጥሩ። የተጻፈው ግን በቀጭን ጥቁር ማርከር ነው። የቀረው ገጽ በሙሉ በቀለም ብዕርና በእስክሪብቶ የተሞላ ነው። አስቡት፦ እንዲህ ያለ ቀጭን ማርከር የ1960ዎቹ ነገር ነው፤ ፊርማውም ያኔ ወይም ከዚያ በኋላ የተጻፈ ነው። በዚያ ጊዜ ዋረን ቤቲ ተዋናይ ሆኗል፤ የሚፈርመውም በሁለት «ቲ» ነው። የልጅነት አጻጻፍና የአዋቂነት ዘመን ማርከር አብረው ሊሆኑ አይችሉም። አንድ ሰው ስሙን በደንብ አጥንቷል፣ ብዕሩን ግን አላጠናም። መጽሐፉን ያለ ፊርማ ዋጋው ልግዛው ብዬ ጠየቅሁ። ሻጩ አሻፈረኝ አለ። ትቼው ወጣሁ።

መልስ 6 አጭር ናት። በአልትራቫዮሌት መብራት ማየት ይጠቅማል ወይ ብላ ጠየቀች። መልስ 7 ይጠቅማል፣ ግን ለወረቀቱ ነው አላት። ከ1950ዎቹ ወዲህ ወረቀት ፋብሪካዎች የሚያነጣ ኬሚካል መጨመር ስለለመዱ አዲሱ ወረቀት በመብራቱ ሥር ሰማያዊ ያበራል። የድሮው አያበራም። ከልባሱ ጋር የተጣበቀው ገጽ ብቻውን ካበራ፣ ቆይቶ የተተካ ነው።

መልስ 8 ላይ የውይይቱ ቃና ተቀየረ። ሰውየው የጆኒ ዴፕ የምረቃ ዓመት ኢርቡክ፣ ከነትልቁ ፎቶና ከነፊርማው አለኝ ብሎ መጣ። ዋጋውንም አብሮ ለጠፈ። መልስ 9 ሳይውል ሳያድር ደረሰበት። ጆኒ ዴፕ ፍሎሪዳ ውስጥ ሚራማር ሃይስኩልን በ1979 ትምህርቱን ሳይጨርስ ነው የተወው። የተመራቂ ፎቶ ከየት መጣ? መልስ 10 ራሱ ሰውየው ነው። ተቆጣ፣ የምቀኛ ክር ነው ብሎ ተሳደበ። መጽሐፉን ፎቶ አንስቶ እንዲያሳይ በጨዋ ቋንቋ ጠየቅሁት። እስካሁን አላሳየም።

እዚህ ላይ የሐበሻ ልጅ የሚጠይቀው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም ነበር። መልስ 11 የአቤል ተስፋዬስ ብላ ጠየቀች። አቤል ዘፋኝ ነው፣ ግን ፊልምም ሠርቷልና ጥያቄዋ ከርዕሱ አልወጣም። ቶሮንቶ አጠገብ ስካርቦሮ ውስጥ ነው የተማረው። ነገር ግን በ17 ዓመቱ ትምህርቱን ስላቋረጠ የጆኒ ዴፕ ነገር እሱም ላይ ይሠራል። የተመራቂ ፎቶ የሚፈልግ አያገኝም። ከዚያ በፊት ባሉት ዓመታት መጽሐፎች ውስጥ በትንሹ የክፍል ፎቶ ይኖር ይሆናል፤ ፎቶ በሚነሱበት ቀን የቀረ ልጅ ደግሞ እዚያም የለም። ስለዚህ አቋርጠው በወጡ ኮከቦች ላይ የሚቀርብ ማንኛውንም መጽሐፍ መጀመሪያ ከዓመቱ ጋር አስተያዩት።

መልስ 12 የጻፉት አንዲት እናት ናቸው። የ1974ቱን አብዮት ተከትሎ ከአገር ከወጡት ቤተሰቦች አንዱ ናቸው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አርሊንግተን ገብተው እዚያው ዋሽንግተን ሊ ተምረዋል። የ1982 ኢርቡካቸው ዛሬም እጃቸው ላይ አለ። ተዋናይት ሳንድራ ቡሎክ የተመረቀችው በዚያ ዓመት ከዚያ ትምህርት ቤት ነው፤ የቺርሊደር (በጨዋታ ላይ ደጋፊውን የሚያነቃቃ) ቡድን ውስጥም ነበረች። እሳቸው ግን አያውቋትም ነበር፤ ፊርማዋም የላቸውም። በመጽሐፋቸው ላይ የፈረሙት እንግሊዝኛ ለውጭ አገር ልጆች በሚሰጥበት ክፍል አብረዋቸው የነበሩት ናቸው፦ ቬትናሞች፣ ሳልቫዶሮች፣ ጥቂት ሐበሾች። ስማቸውን በትክክል የጻፈ አንድም ፈረንጅ እንደሌለ ጽፈዋል። አንዷ ሐበሻ ጓደኛቸው ግን በአማርኛ ግማሽ ገጽ ሞልታላቸዋለች።

እኔ በዚህ ክር ውስጥ ከሁሉ የወደድኩት ይህንን ጽሑፍ ነው። መልስ 13 ግን ሌላ ነገር ነው ያየው። እናቴ፣ በስንት ይሸጡልኛል ብሎ በአደባባይ ዋጋ ጠየቃቸው። እሳቸው አልሸጥም አሉት። እሱ ደግሞ ኮከብ ያልፈረመበት መጽሐፍ ከዓመት ዓመት ዋጋው አይጨምርም፣ አሁን ይሽጡት ብሎ ወተወተ። መልስ 15 በቁጣ መለሰለት። የሰው ማስታወሻ ላይ እንደ በሬ ደላላ መደራደር ነውር ነው አለው። ቁጣው በዛ፣ ነገሩ ግን እውነት ነው። በግል መልእክት መጠየቅ ይቻል ነበር፤ አልሸጥም ከተባለ በኋላ ግን በግልም ሆነ በአደባባይ አይደገምም።

መልስ 16 ለማስታረቅ ሞከረ። እሳቸው መጽሐፉን ለተዋናይዋ ወኪል ልከው ቢያስፈርሙትስ አለ። በእኔ በኩል ይህ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ዛሬ የሚፈረመው በዛሬ እጅ ነው፤ ኮከቧ ለአድናቂ የምትፈርመው ነው። ሕጋዊ ነው፣ ያማረ ነው፣ ዋጋም አለው። በ1982 ለክፍል ጓደኛ የተፈረመው ግን አይደለም። ሻጭ ይህን ልዩነት ካልተናገረ ገዢውን እያታለለ ነው። መልስ 17 ደግሞ መጽሐፉ በፖስታ ሄዶ ባይመለስስ ብላ ጠየቀች። እሷ ያለችው ይበልጣል። አንድ ቅጂ ብቻ ያለውን ነገር ወደማይታወቅ አድራሻ አትላኩ።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ አገር ቤት ሄደ። መልስ 18 ስለ ኦቶግራፍ ደብተር አነሳች። የምትወደው ምግብ፣ የምትወደው ዘፋኝ፣ ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ የሚል ጥያቄ ከላይ ተጽፎ ለጓደኛ የሚዞረው ደብተር ነው። ገጹ ላይ ከመጽሔት የተቆረጠ አበባና ልብ ይለጠፍበታል። መልስ 19 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲያልቅ ዩኒፎርም ሸሚዝ ላይ መፈራረሙን ጨመረ። ሸሚዙን እናቱ አጥባበት እንደነበርም አልደበቀ። መልስ 20 የእኛም አርቲስቶች የፈረሙባቸው ደብተሮች በየቤቱ አሉ፣ እነሱን የሚፈልግ ግን የለም አለ። እዚህ ላይ ቆም አልኩ። እውነት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ የሚታወቅ ተዋናይ ከ30 ዓመት በፊት የሞላው ኦቶግራፍ በአንድ ሰው ቁም ሣጥን ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ለምን እንጠብቃለን? ይህን ለብቻው ክር እንዲከፍትበት ጠይቄዋለሁ።

መልስ 21 ወደ ርዕሱ መለሰን። የ1950ዎቹን የፊልም ኮከብ ጄምስ ዲንን አነሳ። ኢንዲያና ውስጥ ፌርማውንት የምትባል ትንሽ ከተማ አድጎ በ1949 ከከተማዋ ሃይስኩል ጨረሰ። ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል፣ ትያትርም ሠርቷል። በመስከረም 30 ቀን 1955 በመኪና አደጋ ሲሞት ገና 24 ዓመቱ ነበር። ኮከብ ሆኖ ለመፈረም ጊዜ አላገኘም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እውነተኛ ፊርማው በጣም ጥቂት ነው፤ ከእነዚያም ውስጥ የትምህርት ቤት ጓደኞቹ መጽሐፍ ላይ ያለው ትልቅ ቦታ አለው። ትንሽ ከተማ፣ ትንሽ ትምህርት ቤት፣ ጥቂት ቅጂ። ፎርጅዱ የበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው። የመልሱ ጸሐፊ ጥሩ ምክር ሰጠ፦ በትንሽ ከተማ መጽሐፍ ላይ የባለቤቱ ቤተሰብ ማን እንደነበረ የአካባቢውን ሰው ጠይቆ ማጣራት ይቻላል። እንደ ሎስ አንጀለስ ባለ ትልቅ ከተማ ግን ይህ ይከብዳል።

መልስ 22 የመረረ ነው። የ1955ቱን የዋሽንግተን ሊ መጽሐፍ ስታገላብጥ አንድም ጥቁር ተማሪ አላየህም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አላየሁም፤ አንድም የለም። ቨርጂኒያ ውስጥ ያኔ ትምህርት ቤት በዘር የተከፈለ ነበር። የአርሊንግተን ጥቁር ልጆች የሚማሩት ሆፍማን ቦስተን በሚባል ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያዎቹ 4 ጥቁር ተማሪዎች የነጮች ብቻ ወደነበረው ስትራትፎርድ ጁኒየር ሃይስኩል የገቡት በየካቲት 2 ቀን 1959 ነው፤ በቨርጂኒያ ግዛት የመጀመሪያው ነው። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን መጽሐፍ እንደ ጌጥ መሰብሰብ ለጥቁር ሰው አያምርም ባይ ነው።

መልስ 23 ፖለቲካ አታምጡብን አለ። መልስ 24 ደግሞ ያንተ ዓይነቱ ሰው ነው ትምህርት ቤቱ ስሙን ሲቀይር ያለቀሰው አለው። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ከስሙ ውስጥ «ሊ» የሚለው በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡን ጦር የመራውን ጄኔራል ሊን ለማክበር የተሰጠ ነበር። በ2019 የትምህርት ቤቱ ስም ዋሽንግተን ሊበርቲ ተባለ። እዚህ ላይ የተጻፉ ሁለት መልሶች ስድብ ስለነበራቸው ተነስተዋል። ቁጥራቸው ስለዘለለ ግራ አትጋቡ።

መልስ 22ን ግን ማንም እንዲያነሳው አልፈልግም። ርዕሱ ራሱ ነው። መጽሐፉ የማን ነበር ብለን ከጠየቅን፣ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ እንዳይገባ የተደረገው ማን ነው ብለንም መጠየቅ አለብን። መልስ 27 ይህን ከእኔ በተሻለ አሳየ። ዋረን ቤቲ የተወለደው በመጋቢት 1937 ነው። ዘፋኟ ሮበርታ ፍላክ የተወለደችው በየካቲት 1937 ነው። ሁለቱም በአርሊንግተን አድገዋል። በአንድ መጽሐፍ ውስጥ ግን አይገኙም፤ እሷ የሆፍማን ቦስተን ልጅ ናት። በ15 ዓመቷ ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝታ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ታዲያ ሰብሳቢዎች የዋሽንግተን ሊን መጽሐፍ ሲያሳድዱ የሆፍማን ቦስተንን የሚጠይቅ ስንት ነው? ትምህርት ቤቱ ትንሽ ስለነበር የሚገኘውም ማስታወሻ ጥቂት መሆኑ አይቀርም። አንድ ሰብሳቢ በዚህ አካባቢ ጠቃሚ ሥራ ልሥራ ካለ ከዚያ ይጀምር። የአርሊንግተን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የአካባቢ ታሪክ ክፍል አለው፤ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ሃዋርድ ሲነሳ ኃይሌ ገሪማ መነሳታቸው አይቀርም። መልስ 28 እና 29 እዚያ ለረጅም ዓመታት ስላስተማሩት የእኛው የፊልም ሰው ብዙ ተጨዋወቱ። ደስ የሚል ጨዋታ ነበር። ከኢርቡክ ጋር ግን ስለማይገናኝ አልዘረዝረውም።

መልስ 30 ላይ ሁላችንም ደነገጥን። ሰውየው ኢርቡክ ሲገዛ የኮከቡን ፎቶና ፊርማ ያለበትን ገጽ በምላጭ ቆርጦ፣ በፍሬም አድርጎ እንደሚሸጥ በኩራት ተናገረ። የቀረውን መጽሐፍ ይጥለዋል። ገዢ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውን ነው የሚፈልገው አለ። መልስ 31፣ 32 እና 33 እየተቀባበሉ ወቀሱት። መልስ 33 እንዲያውም የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቅጂዎች ታዋቂ ሰው ያለበት ገጽ ተቆርጦ እንደሚገኝ ከሥራ ልምዷ መሰከረች። አንዳንድ ቦታ እነዚህን መጽሐፎች ቆልፎ ማስቀመጥ የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው አለች።

እኔ በዚህ ላይ መሃል ሰፋሪ አይደለሁም። ገጹን የቆረጠ ሰው ሁለት ነገር ያጠፋል። አንደኛ ማስረጃውን ነው፤ ፊርማው እውነት መሆኑን የሚያሳዩት የባለቤቷ ስም፣ የሌሎቹ ልጆች እጅ፣ የቀለሙ መመሳሰል በቀረው መጽሐፍ ውስጥ ናቸው። በፍሬም ውስጥ ያለ አንድ ገጽ ምንም አይመሰክርም። ሁለተኛ ሌሎቹን መቶዎቹን ልጆች ይጥላል። ከነሱ መካከል ያለ ሰው ያለው ብቸኛ የወጣትነት ፎቶ እሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የተቆረጠ ገጽ አልገዛም። እናንተም አትግዙ።

መልስ 34 ስለ ምስክር ወረቀት ጠየቀ። መልስ 35 የጠበቃ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ይመስለኛል፤ በዝርዝር ጻፈ። ካሊፎርኒያ በ2017 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ የተፈረመ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የምስክር ወረቀት እንዲሰጥ አስገደደች። በመጀመሪያ ከ5 ዶላር በላይ ለሚሸጥ ሁሉ ነበር፤ ሲሻሻል ወደ 50 ዶላር ከፍ አለ። ነገር ግን ወረቀቱ ራሱ ፎርጅድ ሊሆን ይችላል። በ1990ዎቹ ኤፍቢአይ ኦፕሬሽን ቡልፔን ብሎ በጀመረው ምርመራ ከያዛቸው ሐሰተኛ የስፖርተኞችና የታዋቂ ሰዎች ፊርማዎች መካከል ብዙዎቹ የምስክር ወረቀት ነበራቸው። ወረቀቱን ማን ሰጠው፣ ዕቃውን በእጁ ይዞ ነው ወይስ በፎቶ አይቶ፣ ይህን ጠይቁ።

መልስ 36 እንደገና የታተሙ ኢርቡኮችን በተመለከተ አስጠነቀቀ። ዛሬ አሮጌ ኢርቡኮች ስካን ተደርገው ኢንተርኔት ላይ በብዛት አሉ፤ ከስካኑ አዲስ መጽሐፍ አሳትሞ የሚሸጥም አለ። ሕጋዊ ንግድ ነው። ችግሩ ስካን የተደረገው ቅጂ ፊርማ ካለው ፊርማውም አብሮ መታተሙ ነው። የኢንተርኔት ገበያው ኢቤይ ላይ በሚለጠፍ ፎቶ እውነተኛ ይመስላል። ብዕር ወረቀቱን ጎድቶት እንደሆነ ከገጹ ጀርባ በጣት መዳሰስ፣ በማጉያ መነጽርም ማየት ነው። የታተመ ከሆነ ነጠብጣብ ይታያል።

መልስ 37 ለስላሳ ግን አስፈላጊ ጥያቄ አመጣች። እነዚህን ገጾች ፎቶ እያነሳን ስንለጥፍ የሌሎቹ ልጆች ጽሑፍስ? የ18 ዓመት ልጅ ለጓደኛዋ ብቻ የጻፈችው የፍቅር ምስጢር፣ የቤት ስልክ ቁጥር፣ የቤተሰብ ችግር አለበት። የጻፉት ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። መልስ 38 የቆየ ነገር ነው፣ ማን ያነበዋል አለ። የልጅ ልጆቻቸው ያነቡታል አልኩት።

መልስ 39 ስለ አያያዝ ጠየቀ። ባጭሩ፦ ስኮች አትለጥፉ፣ ላሚኔት አታድርጉ፣ ፀሐይ ከሚያገኘው መደርደሪያ አርቁ፣ ጣሪያ ሥር ያለውን ክፍልም ሆነ ምድር ቤቱን ተዉት። እርጥበት የሚያብረቀርቀውን ወረቀት እርስ በርሱ ያጣብቀዋል፤ ሲላቀቅ ፎቶው ይላጣል። በውስጡ የተገኘ የጭፈራ ትኬት ወይም የደረቀ አበባ ካለ በየትኛው ገጽ እንደነበረ ጻፉና አሲድ በሌለው ፖስታ አብራችሁ አስቀምጡ።

መልስ 40 ያ የተጠራጠረው ሰው፣ መልስ 3 ነው። ተመልሶ መጣ። ችግሩ ማስተያያ ማጣት ከሆነ እኛ እንሰብስበው አለ። የባለቤቱ ማንነት የታወቀ ኢርቡክ ያለው ሰው የኮከቡን ጽሑፍ ብቻ ፎቶ አንስቶ ይላክ፤ ዓመቱ፣ ትምህርት ቤቱና የብዕሩ ዓይነት አብሮ ይመዝገብ። መልስ 12 የጻፉት እናትም የ1982ቱን የክበባትና የቡድን ፎቶ ገጾች ሊልኩ ተስማምተዋል፤ ፊርማው የኮከብ ነው ተብሎ የሚመጣ መጽሐፍ ባለቤት ከማን ጋር እንደዋለች ለማጣራት ይጠቅማሉ። የምትልኩ ሰዎች ከመላካችሁ በፊት የሌሎችን ተማሪዎች ጽሑፍና ስልክ በወረቀት ሸፍናችሁ አንሱት። ሳይሸፈን የመጣውን አልለጥፍም።